ያልታጠበ ጣት

በዚያን ሰሞን ቡልቡላ ውስጥ ወይ ትገነባለህ ወይ ትጠብቃለህ። አባቴ የሚጠብቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጤፍና ምስር ያበቀለበት መሬት ላይ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም እየወጣ፣ እሱ ጠዋት የላስቲክ ወንበሩን ይዞ ይሄድና ከፌሮ ክምር አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። ሰው ሲጠይቀው "መሬቴ እንዳይሰረቅ እየጠበቅኩ ነው" ይላል። መጀመሪያ ራሱም ይስቅበት ነበር፤ ኋላ ግን ሳይስቅ የሚናገረው ሆነ። ከመሬቱ የተረፈን ቤታችን የቆመበት ግቢና ጓሮ ያሉት አምስት ቀፎዎች ነበሩ።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ ሥራ ላይ ሦስት ወር መቆየት አልችልም ነበር። ገርጂ ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ፣ የሞባይል ካርድ አዙሬ ሸጫለሁ፣ ታክሲ ላይ በር ከፍቻለሁ። በመሀል ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ ትክክል ይሁን አይሁን የማውቀው ጮክ ብዬ ሳነበው ብቻ ነው። አባቴ ጓሮ ሆኖ ይሰማኝና "ዛሬም ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" ይለኛል።

ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ ቢሮ ያገኘሁት ሥራ ግን ተመቸኝ። ገጠር የሚኖሩ አዋቂዎች ስንቶቹ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው፣ ስንቶቹስ ወደዚያው እየተጠጉ እንደሆነ ለማወቅ የሚደረግ ጥናት ነው። ኦሮምኛ የሚችል፣ ጽሕፈቱ የሚነበብና መንገድ የማይሰለቸው ሰው ፈልገው ነበር። ጠዋት ፒካፗ ከኦሎምፒያ ታነሣናለች፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን በጎን አልፈን ቡልቡላን ሰንጥቀን እንወጣና ገና ያልተነኩት መንደሮች እንገባለን። እጣ የወጣለት ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ ይመዘናል፣ ወገቡ ይለካል፣ በመጨረሻ ጣቱ ይወጋና የደሙ ስኳር በትንሿ ማሽን ይታያል። የምትወጋው ነርሷ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ከደቡብ የመጣች፣ ገርጂ ተከራይታ የምትኖር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የምጽፈው እኔ ነኝ።

በጥናቱ መመሪያ መሠረት፣ ሰው ከመወጋቱ በፊት እጁን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ አለበት። ቅጹ ላይም ለዚህ የራሱ ሣጥን አለው፤ ከታጠበ ራይት ይደረግበታል። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ጆግና ሳሙና ይዤ የአንድ ገበሬ እጅ ሳስታጥብ፣ ሚስቱ አይታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሲስተር ማሽኑን እያዘጋጀች ሳለ ሴትዮዋ እንጀራ የተዘረጋበት ትሪ ይዛ ብቅ አለች።

"እናቴ፣ አሁን ምግብ አይቻልም፤ በባዶ ሆድ ነው የምንለካው" አለቻት ሲስተር።

"እጁን አስታጥባችሁት? በእኔ ቤት እጅ ታጥቦ ሳይቀመስ አይኬድም።"

ባልየውም እጁን አንዴ ታጥቧልና ክርክር አላስፈለገውም። ጎረሰ። ሲስተር መርፌዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ እኔንም አጎረሰኝ። የሰውየው ልኬት ለዚያ ቀን ቀረ። ቀጥሎ የገባንበት ቤት ደግሞ ባሰ። የቤቱ እመቤት ወጥ ስላልነበራት፣ እጅ ሳስታጥብ ስታይ ደንግጣ ልጇን ጎረቤት ወጥ ልትበደር ሰደደች። ለካን ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ቆማ "በወንድ ልጅ እጅ ውሃ አስፈስሳችሁ፣ ባዶ ቤት ናት ልትሉኝ ነው?" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ፒካፗ ውስጥ ስንገባ ሲስተር "ከነገ ጀምሮ አልኮሉ ይበቃል" አለች። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጣቱን ጠረግ ታደርግና ትወጋለች። ጆጉና ሳሙናው ከመቀመጫ ሥር ገባ። እኔም ጠዋት ጠዋት መኪናው ሲሄድ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ፣ የቀኑን ቅጾች ጉልበቴ ላይ ደርድሬ "እጅ ታጥቧል" የሚለው ሣጥን ላይ ሁሉ አስቀድሜ ራይት እሠራለሁ። ሌላው ነገር እንደሚጻፈው ይጻፋል፤ ይህቺ ግን ሁልጊዜ ተሞልታ ትጠብቀኝ ነበር።

ሥራው ሲጀመር የሰዉ ሁሉ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ስኳር የቦሌ በሽታ ነው። ፎቅ ያለው፣ መኪና የሚነዳ፣ ቂጣና ቆሎ የማያውቅ ሰው በሽታ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ቁጥሩን ስጽፍ እጄ መገረም ተወ። ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ከበሬ ኋላ የሚውል ሰው ማሽኗ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ተመርምሮ የማያውቅ፣ የበሽታውን ስም በወሬ ብቻ የሰማ ሰው። ውሃ ይጠማኛል፣ ያሸናኛል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል ይላሉ፤ ግን እርጅና ነው፣ ውርጭ ነው ብለው ትተውታል።

ከሁሉም የማልረሳት አንዲት ባልቴት ናት። በባዶ ሆድ የጤነኛ ሰው ቁጥር መቶ አይሞላም፤ የእሷ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ሆነ።

"እኔ ቤት ስኳር ገብቶ አያውቅም" አለች። "ቡናዬን እንኳ በጨው ነው የምጠጣው።"

"እናቴ፣ በሽታው ስኳር በመብላት ብቻ አይደለም የሚመጣው" አለቻት ሲስተር።

"ታዲያ በእግሩ መጣ?" ብላ ማሽኗን ተመለከተቻት። "ይቺ ዕቃሽ የቦሌ ልጅ ናት መሰለኝ። ያገኘችውን ሁሉ ሀብታም ታደርጋለች።"

ሌሎቹ ደግሞ በሽታው ገና ያልያዛቸው፣ ነገር ግን ከጤነኛው ልክ ያለፉ ናቸው። ሲስተር ለእነዚህ የምትለው ነበራት። "ደጃፍዎ ላይ ቆሟል አባቴ፤ ገና አልገባም። ከተጠነቀቁ ሊመለስ ይችላል።" አንዱ ሽማግሌ ይህን ሰምቶ "ታዲያ ያ ውሻ ምን እየበላ ነው የሚያድረው?" ብሎ አሳቀን።

የእኛ ሠፈር ዙሪያው በሙሉ ክሬን ቢሆንም በመዝገብ ላይ አሁንም ገበሬ ማኅበር ነበር። ስለዚህ እጣ ሲወጣ የእኛም ቤት ወጣ።

በደረስን ጊዜ አባቴ ከጓሮ መጣ። በጋ ነው፤ አበባ የሚበቅልበት ሜዳ ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ንቦቹ ይራባሉ። ለሰው የማይሰጥ የጠቆረ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጦ በሸክላ ሰሐን ያስቀምጥላቸዋል፤ እንዳይሰጥሙም ጭድ ይበትንበታል። ሾፌሩን ጨበጠ፣ ሲስተርን ጨበጠ፣ እኔንም እንደ እንግዳ ጨበጠኝ፤ ሥራ ላይ ነው ብሎ መሆኑ ነው። እጁ ያጣብቃል። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ቅጹን አወጣሁ።

እናቴ ቀድማ ተለካች፤ ደህና ናት። ከዚያ አባቴ ጣቱን ዘረጋ። ሲስተር በጥጥ ጠረግ አደረገችለት፣ ወጋችው፣ ማሽኗ ቆጠረች። ሲስተር ቁጥሩን አንብባ ለእኔ ማሽኗን ብቻ አዞረችልኝ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።

"ስንት ነው?" አለ አባቴ።

"ትንሽ ከፍ ብሏል አባቴ" አለች ሲስተር። "ጤና ጣቢያ ሄደው ከደም ሥር ይታያል። ይህን ካርድ ይያዙ።"

እሱ ግን እኔን ነበር የሚያየው። "አንተ አይደለህ የምትጽፈው? ንገረኝ።"

ነገርኩት። አጠገቡ ሰው እንደሌለ ሁሉ ቀስ ብሎ እጀ ጠባቡን አስተካከለ። የማኅበር ጓደኛው ባለፈው ዓመት አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል፤ ስኳር ነው። "እሱ ሦስት መቶ ነበር የተባለው" አለ አባቴ። "በአሥራ ስምንት በለጥኩት።"

ጤና ጣቢያ ግን አልሄደም። ካርዱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። እናቴ ስትለምነው፣ እኔ ስጨቀጭቀው፣ መልሱ አንድ ነው። "ሄጄ ምን ሊሉኝ ነው? ጓደኛዬን ምን አሉት? እግርህን አምጣ አሉት።" እንጀራ ተወ። ዘይት የሌለው የተቀቀለ ጎመን ብቻ መብላት ጀመረ። አንድ ጎረቤት የግራዋ ቅጠል ጨምቆ አመጣለትና ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል፤ ግማሹን ይተፋዋል። በሳምንቱ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ግንባታው ቦታ ሄጄ ሳየው የላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ሠራተኞቹ "ሽማግሌው እንቅልፍ በዛባቸው" ይላሉ። እንቅልፍ አልነበረም። እናቴ በር ላይ ይዛኝ "በስኳር አይደለም፣ በረሃብ ነው የሚሞትብኝ" አለችኝ።

ከሁሉም የከበደኝ ቀፎ ሊያስተምረኝ መነሣቱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ንብ አጠገብ አያስጠጋኝም ነበር፤ ችኩል ነህ፣ ይነድፉሃል ይለኛል። አሁን ግን ጠርቶ አጠገቡ አቆመኝ። የቱ ቀፎ ቁጡ እንደሆነ፣ የቱ በቶሎ እንደሚሰደድ፣ በየትኛው ወር ምን እንደሚደረግ ይነግረኛል። መሀል ላይ ይደክመውና ግድግዳ ይደገፋል።

"አባዬ፣ ሌላ ቀን ትነግረኛለህ" አልኩት።

"አሁን ስማ። የምትጽፈው ነገር ንብ አይቀልብም።"

ቅጾቹን ኮምፒውተር ላይ የምናስገባበት ቀን ነበረን። ኦሎምፒያ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጬ እያንዳንዱን ሣጥን እገለብጣለሁ። ታጥቧል። ታጥቧል። ታጥቧል። ሁሉም በእኔ እጅ የተሠራ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ራይት። ስም ባይኖርበትም የእኛ ቤት ቅጽ ላይ ስደርስ አወቅኩት። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፤ ታጥቧል። ራይቱን እያየሁ የአባቴ እጅ መዳፌ ላይ ሲያጣብቅ ትዝ አለኝ።

ሲስተር መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥ ነበር።

"ሲስተር፣ ጣት ላይ ማር ነክቶ ቢሆን ማሽኗ ምን ታደርጋለች?"

መላጡን አቆመች። ተነሥታ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ አደረቀች፣ ራሷን ወጋች። ዘጠና አንድ። ከዚያ የተላጠውን ብርቱካን ጣቷ ላይ ጨመቀችው፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ሰው ላይ እንደምታደርገው በአልኮል ጥጥ ጠረግ አደረገችና ያንኑ ጣት ወጋች። ሁለት መቶ ስድሳ አራት።

"ጌታ ሆይ" አለች፤ ድምፅዋ ከሌላው ቀን እንኳ ዝቅ ያለ ነበር። "አባትህ ብቻ አይደሉም እኮ። የለካናቸው ሁሉ ናቸው።"

ሣጥኖቹን አስቀድሜ እሞላ እንደነበር ያን ጊዜ ነገርኳት። እሷም አልኮሉ ይበቃል ያለችው ራሷ እንደሆነች አልረሳችም። ሁለታችንም አብረን ወደ ኃላፊያችን፣ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባን። ዶክተሩ እስክንጨርስ አላቋረጠንም። እኔ ዛሬ እባረራለሁ ብዬ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ነበር። "ከፍ ብሎ የወጣው ሰው ሁሉ እንደገና ይለካል፤ ታጥቦ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ውሃውን አንተ ታፈሳለህ። እያንዳንዱ ቤት ገብተህ ለምን እንደተመለስክ የምትናገረውም አንተ ነህ።"

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድነው እኛ ቤት ነው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሊያስር ይታገላል።

"አንዴ ታይቷል" አለ። "ጣቴን ስንት ጊዜ ትወጉታላችሁ?"

"አባዬ፣ ያን ቀን እጅህን አልታጠብክም። ማር ነክተህ ነበር የመጣኸው። ወረቀቱ ላይ ግን ታጥቧል ብዬ ጽፌያለሁ።"

ቀና አለ። "አይተህ ነው የጻፍከው?"

"ሳላይ ነው። የሁሉንም ሰው እንደዚያ ነበር የማደርገው።"

ሲስተር ልትናገር ስትል በእጁ አስቆማት። "ለግጥምህ አንድ ቃል ስትፈልግ ሳምንት ሙሉ ጓሮውን ትዞራለህ" አለኝ። "የሰው ደም ስትጽፍ ነው የቸኮልከው?"

ጆጉን አነሣሁ። እናቴ ምግብ እንዳታቀርብ ቀድሞ ስለተነገራት ከጓዳ አልወጣችም። አባቴ እጆቹን ሳፋው ላይ ዘረጋ፤ ሳሙናውን በየጣቶቹ መሀል፣ በየጥፍሮቹ ሥር፣ እስከ ክንዱ ድረስ አሻሸው። ሁለት ጊዜ አፈሰስኩለት። በንጹሕ ፎጣ አደረቀ። ሲስተር ወጋችው፤ ማሽኗ መቁጠር ጀመረች። የምትቆጥረው ለአምስት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ግን እንደዚያን ቀን ረዝማብኝ አታውቅም።

አንድ መቶ አሥራ አንድ።

ሲስተር በረጅሙ ተነፈሰች። "አባቴ፣ ደጃፍዎ ላይ ነው። አልገባም። ዛሬ ግን ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ እኛው በመኪና እናደርስዎታለን።"

"እግሬስ?"

"እግርዎ የእርስዎ ነው።"

እናቴ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ሰማናት። አባቴ ሁለት እግሮቹን አከታትሎ ተመለከተና የጫማውን ክር አሠረ።

በዚያ ሳምንት በሌሎቹ ቤቶች ደጃፍ ስንገባ በልቤ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የሁሉም ቁጥር በሳሙና ታጥቦ እንዲወርድ። አልወረደም። የሁሉም እዚያው አካባቢ ነበር። በጨው ቡና የምትጠጣዋ ባልቴት እጇን ሳስታጥባት የበጋ ውሃ ነው ብላ እንዳላባክን ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሆነች። "እንግዲህ እጄም ንጹሕ ነው" አለች። "አሁን ማንን እንክሰስ?" ይሁን እንጂ ካርዱን ተቀብላ በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መድኃኒት እንደተጀመረላት ሲስተር ነገረችኝ። ያ ሁሉ ሰው ይዞት የሚኖረው በሽታ የእኔ ስህተት አልነበረም። የእኔ ስህተት የነበረው አባቴ ብቻ ነው።

አባቴ ታጥቦ በተለካበት ቀን ጤና ጣቢያ ከደም ሥሩ ደም ወሰዱ። እስከ እኩለ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ውጤቱን የነገረችን ወጣት ሐኪም ከሲስተር የተለየ ነገር አላለችም። በሽታው አልያዘውም፤ ግን እየተጠጋው ነው። ቀኑን ምን ሲሠራ እንደሚውል ጠየቀችው።

"እቀመጣለሁ" አለ አባቴ። "መሬት ሳለኝ እሄድ ነበር።"

"መሬቱ ባይኖርም ይሂዱ" አለችው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ላብ እስኪያልበው። እንጀራ አይከለከልም፤ ይቀነሳል። ግራዋውን ይተው። በሦስት ወር ተመልሶ ይታይ።

ከግቢው ስንወጣ ትንሽ ቆሞ በመንገዱ ላይ የሚያልፉትን ገልባጭ መኪኖች ተመለከተ። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ እንዳልጥለውም አስጠነቀቀኝ።

"ርቦኛል" አለ።

ከጤና ጣቢያው ማዶ በቆርቆሮ የተሠራች ምግብ ቤት ነበረች፤ የግንበኞች ናት። ሽሮ አዘዘ። እየተንተከተከ ሲመጣለት እስኪበርድ አልጠበቀም። አስር ቀን ሙሉ ጎመን ሲያኝክ ያየሁት አባቴ አፉን ሞልቶ እንጀራ ሲጎርስ አየሁት። የእኔ ምግብ ፊቴ ቀርቦ ነበር፤ አልነካሁትም። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፣ ጉንጩ ላይ ደም መጣ። አንድ ጊዜ ቀና ሳይል "ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ" አለኝ። ጎረስኩ።

እንጀራው አንድ ሩብ ሲቀር እጁን ሰበሰበ። ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፣ ትንሽ አሰበና አስተናጋጇን ጠራት።

"ሻይ አምጪልኝ። ስኳር የሌለው።"

መጣለት። አንዴ ፉት አለና ብርጭቆውን አራቀው፤ ውስጡን በጥርጣሬ አየው።

"ይህን የሚጠጣ ሰው አለ?" አለ።

"አለ።"

ራሱን ነቀነቀና እስከ መጨረሻው ጠጣው። ከዚያ ተነሥቶ ሱሪውን ከፍ አደረገና፣ ታክሲ ልይዝ ስል ክንዴን ያዘኝ፤ ወደ ቡልቡላ በእግር ጀመርነው።